ኋላው ያላላበው አሳማ

ወይዘሮ ቬርና ሊንድክዊስት ሰባት ዓመት በተከታታይ ካሸነፉ በኋላ በካንሳስ የኬተርሰን ከተማ ሰው የውድድሩን ሽልማት በስማቸው ይጠራው ጀመር። «የቬርና ታፋ» ነው የሚሉት። ሽልማቱ እቅፍ ሙሉ የሚሆን በጭስ የታጠነ የአሳማ ታፋ ነው። ወይዘሮ ቬርና ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ልጆቻቸውም ወደ ትልቁ ከተማ ወደ ዊቺታ ሄደዋል፤ ታዲያ ያን የሚያህል ሥጋ ብቻቸውን የት ያደርሱታል? ከሐምሌ እስከ ገና የአተር ሾርባ ውስጥ እየጨመሩ፣ ለጎረቤት እየላኩ፣ ጎረቤትም «አሁንስ በቃን» እስኪል ድረስ ያድሉታል።

ውድድሩ እንዲህ ነው። በየዓመቱ ስንዴው ታጭዶ ጎተራ ከገባ በኋላ የወረዳው ትርኢት ሲከፈት፣ ከላሜራ የተበየደ አንድ ጉድ ሜዳው መሃል ይቆማል። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ጎሕ ሲቀድ መጥተው ከጥልቅ ጉድጓድ በተሳበ ውሃ አፉ ድረስ ይሞሉታል። ስንት ጋሎን እንደ ገባ ቆጣሪው ያሳያል፤ ቁጥሩም ፖስታ ውስጥ ታሽጎ በትርኢቱ ሊቀ መንበር በሜርል ፔኒንግተን የደረት ኪስ ይቀመጣል። ሕዝቡ ሦስት ቀን እየዞረ ያያል፣ ይገምታል፣ ግምቱን በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ሣጥን ውስጥ ይጨምራል። ቅዳሜ ከሰዓት ፖስታው ይቀደዳል።

ሌላው ሰው እንደ መጣለት ነው የሚጽፈው። አንዱ የልደት ቀኑን ይጽፋል፣ ሌላው የትራክተሩን ሰሌዳ። ወይዘሮ ቬርና ግን በከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሠላሳ ስምንት ዓመት ጂኦሜትሪ ያስተማሩ ሴት ናቸው። አንድ ዓመት ሮኬት ተሠራ፤ ሮኬቱን በልባቸው ቆራርጠው አንድ ሲሊንደርና አንድ ሾጣጣ አደረጉት። ሌላ ዓመት ትልቅ የሻይ ማንቆርቆሪያ ቆመ፤ እሱንም ሆዱን ለብቻ፣ አንገቱን ለብቻ፣ ጡቱን ለብቻ አሰሉት። «ጉድ የሚባል ቅርጽ የለም፤ ገና ያልገነጣጠሉት ቅርጽ ነው ያለው» ይሉ ነበር፤ በክፍል ውስጥም ቢሆን፣ በቤተ ክርስቲያን የድንች ሰላጣ ሲበሉም ቢሆን።

ከአራተኛው ድል በኋላ ሜርል ሜትር ይዞ መግባት ከለከለ። ከአምስተኛው በኋላ ገመድና ዘንግ ተከለከለ። ከስድስተኛው በኋላ «በባዶ እጅ ብቻ» የሚል ሕግ ወጣ። ወይዘሮ ቬርና ሕጉን አንብበው ባዶ እጃቸውን አዩት። ከአውራ ጣት እስከ ትንሿ ጣት ሲዘረጋ ልክ ዘጠኝ ኢንች ነው። በስንዝር እየለኩ ሰባተኛውን ታፋ ወሰዱ።

ስምንተኛው ዓመት ላይ ዕቃውን የመሥራት ተራ ለሃርለን ክላሰን ደረሰ። ሃርለን የከተማው በያጅ ነው፤ አርባ ስድስት ዓመቱ፣ ክንዱ እንደ ግንድ የወፈረ፣ ነገር ሲያስብ ከንፈሩን የሚነክስ ሰው። እሱም እንደ ሌላው ሁሉ የወይዘሮ ቬርና ተማሪ ነበር። በሰኔ ውስጥ በነዳጅ ማደያው ቡና ላይ፣ በዚህ ዓመት ቲቸርን ታፋ አስረሳቸዋለሁ ብሎ እንደ ፎከረ ወሬው ደረሳቸው። ሁለት ወር ሙሉ የጋራዡን በር ዘግቶ ሠራ። ሚስቱን አርሊንን እንኳ አላስገባም።

ሐሙስ ጠዋት ሸራው ሲገለጥ፣ ሮዝ የተቀባ፣ ፈገግ ያለ ግዙፍ አሳማ ነበር። ሆዱ ትልቅ በርሜል ነው፤ ፊቱ ግማሽ ኳስ፣ ኋላው ግማሽ ኳስ፤ አራት አጫጭር ወፍራም እግሮች፣ እንደ ጣሳ የወጣ አፍንጫ፣ የተጠማዘዘ ሽቦ ጅራት። ሕዝቡ አጨበጨበ። ወይዘሮ ቬርና ግን ትንሽ ቅር አላቸው። ይህን ያህል ፉከራ ተፎክሮ የመጣው የዘጠነኛ ክፍል ጥያቄ ነው። ሃርለንን በልባቸው ታዘቡት።

ሕዝቡ ወደ ቁርሱ ሲበተን ሥራቸውን ጀመሩ። ገና አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፤ ሆኖም የካንሳስ ሐምሌ ነውና አየሩ እንደ ረጠበ ፎጣ ፊት ላይ ይለጠፋል። የአሳማው ጀርባ ከቅንድባቸው ጋር፣ ማለትም ከአምስት ጫማ ተኩል ጋር፣ እኩል ነበር፤ ሆዱ ከመሬት ሁለት ስንዝር ከፍ ብሏል። በዚህ መሠረት በርሜሉ አራት ጫማ ይወፍራል። ቀጥሎ ከበርሜሉና ከፊቱ መጋጠሚያ ተነሥተው ወደ ኋላ በስንዝር ሄዱ። አሳማው አልቦታል። ውስጡ የጉድጓድ ውሃ ስለ ሞላው ቀዝቃዛው ብረት የጠዋቱን ወበቅ ስቦ ጠብ ጠብ ይላል፤ በየስንዝሩ መዳፋቸው ይርሳል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ እርጥብ። ስምንት ላይ በርሜሉ አለቀ፤ ርዝመቱ ስድስት ጫማ ነው። ከዚያ ወደ ኋላው ግማሽ ኳስ እጃቸውን አሻገሩና ቆሙ።

መዳፋቸው ደረቅ ነው።

መልሰው ዳሰሱት። ከብየዳው መስመር ወዲህ እርጥብ፣ ወዲያ ደረቅ። ፀሐዩ ይሆናል ብለው በጥላው በኩል ዞሩ። እዚያም ያው ነው። ግራና ቀኝ አይተው፣ ማንም አለመኖሩን አረጋግጠው፣ በጋብቻ ቀለበታቸው ሆዱን ኳ አደረጉት። ድፍን ድምፅ ሰጠ። ቂጡን ኳ አደረጉት። እንደ ከበሮ አስተጋባ።

ለካስ ሃርለን የኋላውን ግማሽ ኳስ ከውስጥ በላሜራ ግድግዳ ዘግቶት ኖሯል። ውሃ አልገባበትም፤ አየር ብቻ ነው። አሳማውን በዓይኑ ለክቶ ሙሉውን ያሰላ ሰው ስምንት መቶ ስልሳ ሦስት ጋሎን ያገኛል። የኋላውን የቀነሰ ግን ሰባት መቶ ሠላሳ ስምንት ላይ ይደርሳል። በመካከሉ ያለው መቶ ሃያ አምስት ጋሎን የሃርለን ወጥመድ ነው፤ የተጠመደውም ለአንዲት አሮጊት አስተማሪ ብቻ ነው። የልደት ቀኑን የሚጽፍ ሰው ምን ወጥመድ ያስፈልገዋል?

ወይዘሮ ቬርና በአሳማው ቂጥ ላይ እጃቸውን እንዳደረጉ ሳቃቸው መጣ። ማጭበርበር ነው እንዳይሉ ውድድሩ የሚጠይቀው «ስንት ጋሎን ውሃ ይይዛል?» ብቻ ነው። ሃርለን አንዲት ቃል አልዋሸም። እንዲያውም ደስ አላቸው፤ በሰባት ዓመት ውስጥ ለሳቸው ብሎ ይህን ያህል የደከመ ሰው አልነበረም።

ቁጥሩን ጽፈው ሣጥኑ ውስጥ ቢከቱት ያ ስምንተኛው ታፋ ይሆናል። ግን ስለ ሾርባው ሲያስቡ ገና ከአሁኑ ሰለቻቸው። ሃርለንም ቢበዛ አንድ ቀን ተናድዶ ይተወዋል። ከዚህ የተሻለ ነገር መኖር አለበት ብለው እያሰቡ ወደ ፓይ ድንኳኑ ሄዱ፤ በትርኢቱ ሦስት ቀን ፓይ የሚባለውን ፍራፍሬ የተሞላ ኬክ መቁረጥ የሳቸው ሥራ ነው።

የተሻለው ነገር ረፋዱ ላይ በእግሩ መጣ። አርሊን ክላሰን አንድ ቁራሽ የቼሪ ፓይ ልትወስድ ገባችና፣ ቆማ እየበላች ስለ ባሏ ታማርር ጀመር። ሁለት ወር ሙሉ በእንቅልፉ ይስቃል አለች። ምን ሠራህ ስትለው ትራሱን አቅፎ ዞሮ ይተኛል። ሃያ ሁለት ዓመት አብራው ኖራ በአሳማ ምክንያት ምሥጢር ሲደብቃት አንጀቷ አርሯል።

ወይዘሮ ቬርና ቢላዋቸውን ጠረጉ። «ሕጉ የሚከለክለው ሠሪውን ነው። የሠሪውን ሚስት አይከለክልም» አሏት።

«እኔ? ቲቸር፣ እኔ ጂኦሜትሪ ሁለት ጊዜ ነው የደገምኩት። እርስዎ ነዎት የጣሉኝ።»

«አስታውሳለሁ። አሁን ሂጂና አሳማውን ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ዳብሺው። ተመልሰሽ የተሰማሽን ንገሪኝ።»

አርሊን ሄደች። ስትመለስ አፏ ከፈት ብሎ ነበር። ጠሉ በዚያ ሰዓት ደርቆ ነበር፤ ግን ሆዱ ይቀዘቅዛል፣ ቂጡ ደግሞ በፀሐይ ግሎ እጇን ሊልጣት ደረሰ። ወይዘሮ ቬርና ምንም አላስረዷትም። አርሊን መዳፏን አየችና፣ ባሏ በእንቅልፉ የሚስቀው ለምን እንደ ሆነ ገባት። ያንጊዜ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ወይዘሮ ቬርና አንድ የወረቀት ሳህን ገልብጠው እርሳስ ሰጧት። ቁጥሩን ንገሩኝ ብትላቸው እምቢ አሉ። ገነጣጥይው አሏት። አንድ ትልቅ ጣሳ ተኝቷል፤ እሱ ሆዱ ነው። ወርዱ አራት ጫማ፣ ግማሹ ሁለት ነው፤ ሁለት በሁለት፣ ያን በሦስት ነጥብ አንድ አራት፣ ያን በርዝመቱ በስድስት። አራት ትንንሽ ጣሳዎች እግሮቹ ናቸው፤ አንድ ጣሳ አፍንጫው። የፊቱ ክብ ላይ ሲደርሱ አርሊን እርሳሱን አስቀመጠች። ሁለት ጊዜ የወደቀችው እዚህ ላይ ነበር።

ወይዘሮ ቬርና ከጎረቤት ድንኳን ግማሽ ሐብሐብ አስመጡ፤ በልክ የምትገባበትን ድስት ፈልገው ከተቷት። ግማሽ ኳስ የሚገባበትን ጣሳ ሦስት ቦታ ብትከፍይው፣ ኳሱ ሁለቱን ይወስዳል፣ አንዱ ለአየር ይቀራል አሏት። ሐብሐቧ ዳር ዳር ውሃ አፍስሰው አሳዩዋት። አርሊን ድስቱን ወደ ራሷ ሳበችው። ከዚያ በንዴት ድምፅ፣ ያኔ ለምን እንዲህ ብለው አላስተማሩኝም ስትል ጠየቀች። ወይዘሮ ቬርና ያኔ ሐብሐብ አልነበረኝም አሉ፤ እውነተኛው መልስ ግን እንዳልሆነ ለራሳቸው ታወቃቸው። ያኔ ትዕግሥቱ ነው ያልነበራቸው።

ሁሉ ተደምሮ ወደ ጋሎን ሲለወጥ ሳህኑ ጀርባ ላይ ሰባት መቶ ሠላሳ ስምንት ወጣ። አርሊን ሳህኑን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ምሥጢር በኬተርሰን እንደ ውሃ ነው፤ ስንጥቅ ካገኘ አይቆምም። የአርሊን እኅት መጣች፣ ከዚያ የእንስሳት ሐኪሙ፣ ከዚያ ፓስተሩ፣ ከዚያ የጭነት መኪና የሚነዱ ሦስት ወንድማማቾች። ወይዘሮ ቬርና ለሁሉም ያሉት አንድ ነገር ነው፦ ሂድና ዳብሰው። ተመልሶ የመጣውን ያስቀምጡታል። «ይህን ነገር በሕይወቴ መቼ ነው የምጠቀምበት?» እያሉ ሠላሳ ስምንት ዓመት ያስጨነቋቸው ሰዎች፣ ፊታቸው ላይ የፓይ ፍርፋሪ እንደ ተጣበቀ፣ ሳህን ገልብጠው ሲያባዙ ሲያካፍሉ ዋሉ። አንዱ የሌላውን ሳህን ሲሰርቅ በዓይናቸው ይይዙታል። በዚያ ዓመት ትርኢቱ ላይ የፓይ ሽያጭ በእጥፍ አደገ፤ ሳህን ለማግኘት ፓይ መግዛት ግድ ነበራ።

ከሁሉ የሚያስቀው ሃርለን ነበር። የሚታጠፍ ወንበሩን ከአሳማው ፊት ዘርግቶ፣ የሎሚ ጭማቂውን ይዞ፣ እንደ ባለ ርስት ተቀምጧል። ሰው ሁሉ እየመጣ አሳማውን ሲደባብስ ያያል። ሥራዬን ወደዱልኝ ብሎ ልቡ ሞላ። አንዲት አሮጊት ሆዱን ዳብሳ፣ ቂጡን ዳብሳ፣ ደግማ ቂጡን ዳብሳ «ወይ ግሩም» ስትል፣ ቀለሙን ሦስት ጊዜ እንደ ቀባው በትሕትና አስረዳት።

ዓርብ ከምሳ በኋላ ሃርለን ወደ ፓይ ድንኳኑ መጣ። ሳህኖቹ በአንድ ጊዜ ተገለበጡ፤ ሁሉም ወደ ፓዩ አቀረቀረ። ሃርለን የአፕል ፓይ አዞ ክርኑን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈ።

«ቲቸር፣ ቁጥርዎን አስገቡ እንዴ?»

ወይዘሮ ቬርና እግሮቹ እንዳስቸገሯቸው ነገሩት። ሆዱ ላይ የሚጋጠሙበት ቦታ ጎበጥ ስላለ ትንሽ አሳስቧቸዋል። ይህን እያሉ ከመሐረባቸው ሥር አንድ ወረቀት አወጡና፣ መነጽራቸውን እንደሚያስተካክሉ ሆነው ጠረጴዛው ላይ ተዉት። ወረቀቱ ላይ ከላይ እስከ ታች እርምጃው በንጹሕ እጅ ጽሑፍ ተደርድሯል፤ ግርጌው ላይ 863 ተጽፎ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። ሃርለን አላየሁም ለማለት ዓይኑን ወደ ድንኳኑ ጣሪያ ሰቀለ። ከንፈሩን ግን ነከሰ።

ደስታው ሞልቶ ሲፈስ አፉ ተከፈተ። «እኔኮ ቲቸር፣ አንድ ነገር ልንገርዎት ብዬ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ሆነው። አንድ ፈተና ነበር፣ ስለ ጎተራና ስለ ታንከር። ሃያ ጥያቄ። ሃያውንም አግኝቻለሁ። አሥር ብቻ ሰጡኝ።»

«ለምን?»

«የሠራህበትን መንገድ አላሳየህም ብለው ነዋ። መንገድ አልነበረኝማ። አየሁት፣ ታየኝ፣ ጻፍኩት። ከዚያ በክፍሉ ሁሉ ፊት ከማን እንደ ቀዳሁ ጠየቁኝ።» ይህን የተናገረው እየሳቀ ነበር። «አይ፣ ቂም የለኝም። ፓዩ ይጣፍጣል።»

ሁለተኛ ቁራሽ ገዝቶ እያፏጨ ሄደ። ወይዘሮ ቬርና ቢላዋውን እንደ ያዙ ቀሩ። ፈተናውን ለማስታወስ ሞከሩ፤ አልመጣላቸውም። የመጣላቸው ሌላ ነገር ነው፦ ከመስኮቱ አጠገብ የሚቀመጥ ዝምተኛ ልጅ፣ እጁን የማያነሣ፣ ደብተሩ ባዶ የሆነ። ስለ እሱ የሚያውቁት ይህችን ብቻ ነበር። ያደረጉትንም የረሱት ለሳቸው ቀላል ስለ ነበር ነው፤ እሱ ግን ሠላሳ ዓመት ተሸክሞታል።

ተንኮላቸውን ሊተዉት አሰቡ። ነገር ግን በዚያ ሰዓት ሠላሳ ሰው ወረቀቱን ከትቷል፤ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ደግሞም፣ እውነቱን ለመናገር፣ የነገውን የሃርለንን ፊት ማየት ይፈልጋሉ። ጸጸቱም ፍላጎቱም አብረዋቸው አደሩ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሜርል የስንዴ መጫኛ ጋሪ ላይ ወጥቶ ማይኩን ያዘ። ሕዝቡ ከወትሮው በዝቶ ነበር። እንደ ልማዱ መጀመሪያ የአምናዋን አሸናፊ ግምት አነበበ፤ ስምንት መቶ ስልሳ ሦስት። ቀጥሎ ፖስታውን ቀደደ። ቆጣሪው ያለው ሰባት መቶ ሠላሳ ሰባት ነበር።

ሃርለን ከወንበሩ ሲነሣ ወንበሩ አብሮት ተነሣ። ሁለት እጁን ወደ ሰማይ አደረገ። ከዚያ ሜርል ሳይጠይቀው ጋሪው ላይ ወጥቶ ማይኩን ተቀበለና፣ ሕዝቡ ሁሉ እንዲሰማ ምሥጢሩን ይተርክ ጀመር። የኋላውን ክፍል ከውስጥ እንዴት እንደ ዘጋው፣ ላሜራውን ስንት ቀን እንደ ቆረጠው፣ ውሃ እንዳያስገባ እንዴት እንደ ፈተሸው። ቲቸር ሊንድክዊስት በዓለም ላይ ካሉ ቅርጾች ሁሉ አንድ ብቻ አያውቁም፣ እሱም የማይታየው ነው አለ። ይህን ብሎ ጭብጨባውን ጠበቀ።

ማንም አላጨበጨበም። ማንም አልተገረመም። ሁለት መቶ ሰው ዝም ብሎ ያየዋል፤ ከኋላ አንድ ሰው በቆሎ ሲግጥ ይሰማል። ሃርለን ምሥጢሩን ያልሰሙት መስሎት ደገመው።

ሜርል ጉሮሮውን ጠራረገ። በዚህ ውድድር አንድ አሮጌ ሕግ አለ፤ ከአምስት ጋሎን ባልበለጠ ስሕተት የተጠጋ ሁሉ እኩል አሸናፊ ነው ይላል። ከወይዘሮ ቬርና በቀር እዚያ የደረሰ ሰው ስላልነበረ ሕጉን ያስታወሰው የለም። ሜርል ከሣጥኑ የለያቸውን ወረቀቶች ማንበብ ጀመረ። ፓስተሩ፣ ሰባት መቶ ሠላሳ ስምንት። የእንስሳት ሐኪሙ፣ ሰባት መቶ ሠላሳ ስምንት። ሦስቱ ወንድማማቾች፣ ሰባት መቶ አርባ፣ ሦስቱም። ስሙ በተጠራ ቁጥር ሃርለን ክንዱን አንድ ስንዝር ዝቅ ያደርጋል። ሜርል ሃያ ላይ ሲደርስ ክንዱ ወገቡ ላይ ነበር። ሠላሳ አምስት ላይ አሳማውን ዞሮ አየው፤ ሰው ሁሉ ሲደባብሰው የሰነበተው ለምን እንደ ሆነ የገባው ያንጊዜ ነው። አርባ ሦስተኛዋ «አርሊን ክላሰን፣ ሰባት መቶ ሠላሳ ስምንት» ነበረች። አርሊን የጫማዋን ጫፍ ታጠናለች።

ሃርለን ቀላ። ቀጥሎ ከሆዱ የጀመረ ነገር ትከሻውን አናወጠው፤ ሰዎች ሊያለቅስ ነው ብለው ፈሩ። ሳቅ ነበር። ጋሪው ላይ ቁጭ ብሎ ጉልበቱን እየመታ፣ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። በዚህን ጊዜ ሕዝቡም የሦስት ቀን ሳቁን ለቀቀው።

ሲረጋጋ ወርዶ ወደ ወይዘሮ ቬርና መጣ። ከአጠገባቸው አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።

«ቲቸር፣ አውቀው ነው የሳቱት አይደል?»

«እርምጃዬን ሁሉ አሳይቻለሁ። ፈልግ፣ አንድ ስሕተት አታገኝበትም። መልሱ ብቻ ነው ያልሆነልኝ።»

ሃርለን እንደገና ሊስቅ ሲል ክንዱን ያዙት። «ያን ፈተና አላስታውሰውም። ግን አድርጌዋለሁ፤ ያኔ እንደዚያ ያለች ሴት ነበርኩ። አሥር ማርክ መንሳቴ ሕጉ ነው፤ በእሱ አልከራከርህም። ከማን ቀዳህ ማለቴ ግን በደል ነው። ይቅርታ አድርግልኝ።»

ሃርለን እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፣ አሳማውን አየ፣ እንደገና ጠረገ። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ። እንደዚያ ተቀምጠው ሳለ ሜርል ላብ በላብ ሆኖ መጣ። አንድ ታፋ አለው፤ አሸናፊው አርባ ሦስት ነው፤ ሁሉም ተሰልፈዋል፣ እኩል ካልሆነ ደግሞ አንቀበልም ብለዋል። ዐዋቂ ስለሆኑ እባክዎ ይከፋፍሉልኝ ብሎ ለመነ።

ታፋ ደግሞ ክፉ ቅርጽ ነው። አንድ ጫፉ ሾጣጣ ይመስላል፣ ሌላው ጫፉ ግማሽ ኳስ ሊሆን ፈልጎ ተጣምሞ ይቀራል፤ መሃሉን ደግሞ የማይበላ አጥንት ይዞታል። ወይዘሮ ቬርና አጥንቱን በሲሊንደር መስለው መቀነስ አለብን አሉ። ሃርለን አጥንቱ ጫፉ ላይ እንደሚያብጥ፣ ሁለት እብጠት እንዳለው ተናግሮ በአውራ ጣቱ የት የት እንደ ሆነ አሳየ። ወይዘሮ ቬርና ወረቀት ሲፈልጉ እሱ ቢላዋውን አንሥቶ መቁረጥ ጀመረ። አርባ ሦስት ቁራሽ ቆረጠ፤ ሜርል በፓይ ድንኳኑ ሚዛን ስድስቱን ቢመዝናቸው ልዩነታቸው የጣት ጥፍር አይሆንም። ወይዘሮ ቬርና ሰባተኛውን ራሳቸው መዘኑ። ስምንተኛውንም። በሦስት ነጥብ አንድ አራት ፈንታ በድፍን ሦስት አባዝቶ የተሸነፈው ገበሬ ሊሮይ አንድ ቁራሽ ሊሰርቅ ሲል ሰልፈኞቹ ያዙት፤ አጥንቱን ለውሻው ሰጡት።

ሰኞ ጠዋት ወይዘሮ ቬርና ሳይጋበዙ ሃርለን ጋራዥ ሄዱ። ግማሽ ኳሱን እንዴት እንደ ሠራው ማየት ፈልገው ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሉልን ሲያስተምሩ፣ ከጠፍጣፋ ላሜራ እንዴት እንደሚወጣ አንድም ቀን ጠይቀው አያውቁም። ሃርለን እንደ ብርቱካን ልጣጭ የተቆረጡ ትራፊ ላሜራዎች አወጣላቸው፤ አሥራ ሁለቱ ጫፍ ለጫፍ ሲገጥሙ፣ ሲቀጠቀጡ፣ ሲበየዱ ክብ ይሆናሉ። ልጣጩን በስንት ማዕዘን እንደ ቆረጠው ሲጠይቁት፣ አላውቀውም፣ በዓይኔ ነው አለ።

ያን ጊዜ ወደ ግቢው አወጡት። ግቢው በአሮጌ ብረት የተሞላ ነው፤ የወተት ታንከር፣ የወፍጮ ቤት ማጉረሻ፣ ክዳኑ የተጎመደ የውሃ ማሞቂያ። አንድ በአንድ እየጠቆሙ ስንት ጋሎን ነው አሉት። እሱ ጥቂት አይቶ ቁጥር ይናገራል፤ እሳቸው በስንዝር ለክተው፣ ገነጣጥለው፣ ደምረው ይደርሱበታል። የወተት ታንከሩን በአራት ጋሎን ሳተ። ማጉረሻውን በሁለት። ወይዘሮ ቬርና ደግመው ለኩ፤ ያው ነው። እንዲህ ያለ ዓይን ያለው ልጅ ክፍላቸው ውስጥ አንድ ዓመት ሙሉ ተቀምጦ ሳያዩት ማለፉ ቆረቆራቸው፤ ቢሆንም ያን ቀን ደስታው በለጠ።

ማሞቂያው ላይ ተጣሉ። እሱ አራት መቶ አሥር ነው አለ፤ እሳቸው ሁለት ጊዜ አስልተው ሦስት መቶ ሰባ አገኙ። ውስጡ የሚጠማዘዝ ቱቦ እንዳለ እሱ ረስቷል ሲሉ፣ ቱቦው ራሱ ውሃ ይይዛል፣ የሚቀነሰው የቱቦው ብረት ብቻ ነው አለ። ያ አልታያቸውም ነበር፤ ግን እንደ ዋዛ እጅ አይሰጡም። አርሊን ምሳ ይዛ ስትመጣ ሁለቱ የአትክልት ማጠጫ ጎማ ሰክተው፣ በአንድ ጋሎን ባልዲ እየቆጠሩ ማሞቂያውን ይሞላሉ። ጫማቸው በስብሷል፤ ሃርለን እስካሁን ሁለት መቶ አሥራ አራት ነው ይላል፣ ወይዘሮ ቬርና የለም ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ነው፣ አንዱ ባልዲ ሲፈስ አይቻለሁ ይላሉ። አርሊን ሳንድዊቹን አጥር ላይ አስቀምጣ ባልዲዎቹን እሷ ልትቆጥርላቸው ተቀመጠች።